ከከዚራ ወደ ሳቢያን፦ የአንድ ኤሲ ጓዝ

በ2010 ዓ.ም. በ19,500 ብር የገዛሁትን ኤር ኮንዲሽነር ባለፈው ጥር እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ነቅሎ ሳቢያን ሰፈር ለመትከል 21,600 ብር ወጣብኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ድምሩን ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ አልተሳሳትኩም። እንዲያም ሆኖ ዕቃውን ትቼው ብሄድ ኖሮ ይበልጥ እጎዳ ነበር፤ ምክንያቱም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ተመሳሳይ ጉልበት ላለው አዲስ ኤሲ የተጠየቅኩት ዋጋ 74,000 ብር ነበር። ገና ሳይሰቀል ማለት ነው።

ቤቱን እንድንለቅ ሲነገረን ሦስት አማራጮች ነበሩኝ። አንደኛው ኤሲውን ለአከራያችን ለእማማ መሸጥ ሲሆን፣ እርሳቸው ግን የድንጋይ ቤታቸው ያለ ኤሲም እንደሚቀዘቅዝ ደጋግመው ነግረውኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከዚራ የተሠሩት ቤቶች ግንባቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ደጃቸውም በዛፍ የተጠለለ በመሆኑ፣ እኛ ኤሲውን የምንከፍተው በግንቦትና በሰኔ ሌሊቶች ብቻ ነበር። ሁለተኛው አማራጭ ሐረር ለሚኖረው ወንድሜ መስጠት ነበር። እርሱ የፈለገው ለቅዝቃዜ ሳይሆን ለሙቀት ነው፤ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ስለምትገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ብርድ ልብስ ያስደርባል። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ኤሲ ብርድን የሚፈጥር ሳይሆን ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወስዶ ሌላ ቦታ የሚያራግፍ መሣሪያ ነውና፣ የጋዙን አቅጣጫ የሚገለብጥ ቫልቭ ቢኖረው ከውጭው አየር ሙቀት ሰብስቦ ቤት ያሞቅ ነበር፤ በብርድ አገሮች ሂት ፓምፕ እያሉ ክረምቱን የሚያሳልፉበት መሣሪያ ከዚህ የተለየ አይደለም። የእኔው ግን ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል ነው። ሪሞቱ ላይ የበረዶ ምልክት አለ፣ የፀሐይ ምልክት የለም። ስለዚህ የቀረው ሦስተኛው መንገድ ሆነ፤ ይዤው መሄድ።

ይህ ኤሲ ሲነቀል ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ የመጀመሪያውን ሳስታውስ አሁንም ያናድደኛል። በ2013 ከአዲስ ከተማ ሰፈር ወደ ከዚራ ስንዛወር ያገኘሁት ሠራተኛ ለመንቀልና ለመትከል በአንድ ላይ 3,500 ብር ጠየቀኝ፣ ርካሽ ስለመሰለኝም ሳልከራከር ተስማማሁ። ዳዶውን ፈትቶ ጋዙን ወደ አየር ለቀቀው፤ የመዳብ ቱቦውን በፒንሳ ቆረጠው፤ አፉን እንኳ ሳይደፍን ለሁለት ቀን መሬት ላይ ተወው። ከዚራ ሲሰቅለውም በቱቦው ውስጥ የገባውን አየርና እርጥበት ሳያወጣ ትንሽ ጋዝ ነፋበትና የቀረውን ሞላ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ኤሲው እየጮኸ ሞቅ ያለ አየር መንፋት ጀመረ። ሌላ ባለሙያ ጠርቼ ጋዙ የሚያመልጥበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ሲፈልግ፣ የቱቦው አፍ በደንብ ስላልተወለወለና ዳዶው ያለ ልክ ስለተጠበቀ መዳቡ መሰንጠቁ ታየ። የዚያ ጥገና ዋጋ፣ ጋዙን ጨምሮ፣ 7,800 ብር ነበር። ርካሹ ሥራ በድምሩ 11,300 ብር አስከፈለኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ባለሙያ ስመርጥ በቅድሚያ የጠየቅኩት ዋጋ ሳይሆን ቫኪዩም ፓምፕ፣ ማለትም አየርና እርጥበትን ከቱቦው ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ፣ እንዳለውና እንደሌለው ነበር። ሁለቱ የሉንም አሉኝ፤ አንዱ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ኤሲ አያስፈልግም አለኝ። አራተኛው ልጅ ግን ሳልጨርስ ሳቀብኝ፦ «አቦ፣ ጋዙን መልቀቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያስከፍልህ ግን ቆይቶ ነው።» እርሱ የሚሠራው ጋዙን በሙሉ ወደ ውጭኛው ክፍል ሰብስቦ በመቆለፍ ነው። ኤሲው እየሠራ ሳለ በመጀመሪያ ቀጭኑን ቱቦ በመፍቻ ይዘጋዋል፤ ኮምፕሬሰሩ በወፍራሙ ቱቦ በኩል የቀረውን ጋዝ ሲስበው የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወፍራሙንም ይዘጋና ወዲያውኑ ያጠፋዋል። ከሁለት ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው። ሆኖም ኮምፕሬሰሩ የሚሠራ ካልሆነ ይህን ማድረግ አይቻልምና፣ ኤሲው ሳይበላሽ ማዛወር ከተበላሸ በኋላ ከማዛወር የሚረክስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቱቦዎቹን ከፈታ በኋላ አፋቸውን በፕላስተር ደፈነ፤ ውጭኛውንም ክፍል በአይሱዙው ላይ እንደ ቁም ሳጥን ሳያጋድም አቁሞ አሰረው።

ከመንቀሉ ከአንድ ቀን በፊት ሙሉ ሰርቪስ አደረገው፤ 1,800 ብር። አስቀድሜ ላሳጥበው የፈለግኩት አቧራውን ወደ አዲሱ ቤት ላለመውሰድ ነበር፣ ነገር ግን ሌላ ነገር ተማርኩ። ድሬዳዋ ውሃችን ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። የውጭኛውን ክፍል ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች በዚህ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ መተው ነጭ ሽፋን ያስቀርባቸዋል፣ ሽፋኑም ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ልጁ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ካጠበው በኋላ ውሃው ደርቆ ነጭ ሽፋን ከመተዉ በፊት በጨርቅና በነፋሻ አነሳው። በመኪና ማጠቢያ ግፊት የሚያጥቡም አሉ፤ ክንፎቹ ሲተኙ አየር አያልፍባቸውም፣ ከቆሻሻውም የባሰ ይሆናል። የውስጡን ፊልተር ማጠብ ግን የቤት ሥራ ነው፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ አጥበዋለሁ፣ ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሚያነሳበት ወቅት ደግሞ በየሳምንቱ።

የሰርቪስ ገንዘብ ለሚከብደው ሰው የቆጣሪውን ሒሳብ አሳየዋለሁ። የማቀዝቀዝ ጉልበቱ 12,000 ቢቲዩ የሆነው የእኔ ኤሲ 1.1 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ስምንት ሰዓት ቢሠራ በሌሊት ወደ 9፣ በወር ወደ 270 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ንጹሕ ሲሆን ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ያርፋል፤ ቆሽሾ ከሆነ ግን ሳያርፍ ያድራል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱም ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ሥርዓት ነው፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው።

አሁን ወደ ሳቢያኑ ቤት ልምጣ፤ ትልቁ ወጪ ያለው እዚህ ነውና። ቤቱ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ስስ፣ የመኝታ ክፍሉም ግድግዳ ምዕራብ ዞሮ የከሰዓቱን ፀሐይ እስከ ምሽት የሚጠጣ ነው። በከዚራ ውጭኛውና ውስጠኛው ክፍል ጀርባ ለጀርባ ስለነበሩ አራት ሜትር ቱቦ በቅቶን ነበር። እዚህ ውጭኛውን ክፍል ምዕራብ ግድግዳ ላይ መስቀል ሙቀቱን በፀሐይ ላይ እንዲያራግፍ ማስገደድ በመሆኑ ወደ ሰሜን ዞረን፣ ቱቦው ስምንት ሜትር ሆነ። አራቱ ሜትር ተጨማሪ የመዳብ ቱቦ በ1,400 ብር ሒሳብ 5,600 ብር ሲሆን፣ የቱቦው መሸፈኛ ስፖንጅና ፕላስተር 900 ብር ወሰደ። ኤሲው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የፋብሪካው ጋዝ ለአምስት ሜትር ብቻ እንደሚበቃና ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር 20 ግራም እንደሚጨመር ስለሚናገር፣ 60 ግራም ተጨመረ፤ 1,500 ብር። ልጁ ጋዙን ሲጨምር ሲሊንደሩን ገልብጦ ያዘው፤ የኤሲዬ ጋዝ አር-410 ኤ ከሁለት ጋዞች የተቀየጠ ስለሆነ በፈሳሽነቱ ካልገባ ቅልቅሉ ይዛባል አለኝ። የማቆሚያው ብረት ብየዳ 1,800፣ ለብቻው የተዘረጋው ገመድና ብሬከር 2,700፣ የከዚራውን ግድግዳ ቀዳዳ መድፈንና ቀለም 800 ብር ሆነ። የልጁ የእጅ ዋጋ 6,500 ብር ነበር፤ ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ሥራው በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። ቫኪዩም ፓምፑ ቱቦውን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሳበ መብራት ጠፋ። ልጁ ሮጦ የጌጁን ቫልቭ ዘጋና አየር ተመልሶ እንዳይገባ አደረገ፤ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥን። በድሬዳዋ ቀትር ጣሪያ ሥር ሁለት ጎልማሶች ያልተገጠመ ኤሲ እያዩ ላባቸውን ሲጠርጉ ያየች ባለቤቴ መሳቋን አልደበቀችም። መብራቱ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሠላሳ ደቂቃ አስሳበው፣ ፓምፑን አጥፍቶም መርፌው ከቦታው እንዳልተነቃነቀ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። የከፈልኩት ለዚህ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤሲዬ አር-22 የሚባለውን የቀድሞ ጋዝ የሚጠቀም ቢሆን ኖሮ ግን አላዛውረውም ነበር። የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢያመልጥ የሚሞላውን መፈለግ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ይሄዳል። እንዲሁም በአዲሱ ቤት ከዓመት በላይ እንደምቆይ እርግጠኛ ባልሆን፣ ቬንትሌተር ገዝቼ ኤሲውን ሐረር ወንድሜ ቤት በማከማቻ አስቀምጠው ነበር።

ለዚህም ነው ከአዲሱ አከራያችን ጋር ውል ስንፈራረም ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ በአንድ አንቀጽ ላይ ብዙ የተከራከርኩት። የብረት ማቆሚያው፣ ገመዱና ብሬከሩ ለቤቱ ይቀራሉ፤ ኤሲውና ቱቦው የእኔ ናቸው፤ ቀዳዳውን ስወጣ እኔ እደፍናለሁ፤ የኪራዩ ዘመን ደግሞ ሦስት ዓመት ነው። አከራዩ ሦስት ዓመቱን ሲያነቡ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ለኤሲው ነው ወይስ ለአንተ?» አሉኝ። ለኤሲው መሆኑን ነገርኳቸው፤ ፈረሙ።