በወር መጨረሻ ዋጋ ውስጥ ያልታየው ኪሳራ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ለቤት ቆርቆሮ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ለሠርግ የሚቀርበውን የብድር ጥያቄ ማጣራት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የአክሲዮን ወሬ እኛም ጋ ደረሰ። ከፋይናንስ ክፍል አንድ ፈጣን ልጅ ለኮሚቴው ሐሳብ ይዞ መጣ።

ማኅበሩ ከተቀማጩ 1 ሚሊዮን ብር ያውጣ፤ ሌላ 1 ሚሊዮን ይበደር፤ በ2 ሚሊዮኑ ባለፉት 12 ወራት ዋጋቸው ከሌሎች ይልቅ የጨመረ አክሲዮኖችን ይግዛ፤ በየወሩ መጨረሻ ደረጃቸውን እያየ የደከመውን በበረታው ይተካ። ሞመንተም የሚባለው ስልት ነው። ተራ የገበያ ወሬም አይደለም፤ ጀጋዲሽና ቲትማን የተባሉ የፋይናንስ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ገበያ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲጨምሩ የቆዩ አክሲዮኖች ከሌሎቹ በልጠው እንደሚቀጥሉ አሳይቷል። ልጁም የሞከረው በአሜሪካ ዋጋ ነው፤ እኛ ገበያ ላይ ደረጃ የሚወጣላቸው በቂ ኩባንያዎች የሉማ! (ነገሩን እዚህ ላይ ልዘጋው እችል ነበር፤ ግን ኤክሴሉ አጓጓኝ።)

በስብሰባው ላይ በኤክሴሉ የሚታየው መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ በብድር የተባዛው ደግሞ ከዚያም በላይ። ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። ሰብሳቢያችን የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠየቁ።

«ልጄ፣ ሽጡ የሚለን ማነው?»

«ደንቡ ነው ጋሼ። የወር መጨረሻው ደረጃ ይነግረናል።»

«አበዳሪውስ የወር መጨረሻ ይጠብቃል?»

ልጁ ዝም አለ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «እኔ በብድር ከመሐል ሜዳ የፋሲካ በግ ገዝቼ አውቃለሁ። ብድሩ የሚመለሰው ሆሳዕና ነበር፤ ዋጋው የሚወጣው ደግሞ ቅዳም ሹር። በጎቹን የሸጥኳቸው ሆሳዕና ነው።»

ሳቅ ሆነ፤ እኔ ግን ነገሩን ይዤ ቢሮዬ ገባሁ። ልጁ የተጠቀመው የየወሩን የመጨረሻ ቀን ዋጋ ብቻ ነው። ለማሳያ የ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያን ወስጄ፣ በሞመንተም የተመረጡትን ትቼ ጠቅላላውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 ማውጫ፣ ማለትም የ500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ አየሁ። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ በፈረንጆቹ የወረደው 20 በመቶ ገደማ ነው። በቀን በቀን ሲታይ ግን ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 ድረስ 34 በመቶ ወርዷል።

በራስ 100 ሌላ 100 ተበድሮ የገዛ ሰው በልጁ ኤክሴል 200ው ወደ 160 ይወርድበታል፤ ዕዳው ሲቀነስ 60 ይተርፈዋል፤ የራሱ ድርሻ 37.5 በመቶ ስለሆነ ማንም አይነካውም። በእውነቱ ግን በየካቲቱ ከፍታ ለገዛ ሰው 200ው 132 ደርሷል፤ የራሱ የሆነው 32 ብቻ፣ ማለትም 24 በመቶ። በአሜሪካ ደንብ የተበዳሪው የራሱ ድርሻ ከ25 በመቶ መውረድ የለበትም፤ ብዙ ደላሎች ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ማርጂን ኮል፣ ማለትም የአበዳሪው «ገንዘብ ጨምር» የሚል ጥሪ ይመጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ካልጨመረ አክሲዮኑ በዚያው በረከሰበት ዋጋ ይሸጥበታል። ገበያው ከሳምንት በኋላ መልሶ መነሣቱ ለእሱ ምንም አይጠቅመውም። በወር መጨረሻ ደረጃ ሊያወጣ የነበረው ስልትም የሚያወዳድረው ነገር አያገኝም።

ሌላም አገኘሁ። የወለዱ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው የአሜሪካ ወለድ ነው፤ ብሩን የምንበደረው ግን ከዚህ ነው። ወለዱን 18 በመቶ አድርጌ ሞላሁት። አክሲዮኑ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር 2 ሚሊዮኑ 300 ሺህ ያመጣል፤ 180 ሺሁ ለወለድ ይሄዳል፤ የሚተርፈው 120 ሺህ ነው። ባንበደር ኖሮ በ1 ሚሊዮናችን ብቻ 150 ሺህ እናገኝ ነበር። ትርፍ አግኝተን በብድሩ ምክንያት የምናንስበት ሒሳብ ነው እንግዲህ።

የብድር ጠላት አይደለሁም፤ የምንኖረው እሱን እየሰጠን አይደል? በ100 ላይ 20 ብቻ የተበደረ ሰው ያንኑ 34 በመቶ ቢመታ እንኳ የራሱ ድርሻ 75 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ማንም ሽጥ አይለውም። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ደግሞ በብር 18 በመቶ እየከፈሉ 20ውም ያዋጣል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ልጁን ጠርቼ ሁለቱን ሳጥኖች አሳየሁት። አልተከራከረም፤ የዕለት ዋጋ አውርዶ እንደገና ሠራውና የብድሩን ዓምድ ራሱ ሰረዘው። በሚቀጥለው ስብሰባ ኮሚቴው ብድሩን ውድቅ አደረገ፤ 1 ሚሊዮኑም በጊዜ ገደብ ተቀማጭ እንዲቆይ ወሰነ። ጋሼ ግን ልጁን አልለቀቁትም፦ «በየወሩ ትሸጣለህ፣ በየወሩ ትገዛለህ። የደላላውንስ ኮሚሽን አስገብተኸዋል?» አላስገባም ነበር። አዲስ አበባ ሲወርድ ክፍያውን ጠይቆ እንዲመጣ በቃለ ጉባኤው ተጻፈ።