የሚያፈስ በረዶ እንዴት ይለካል?

ሀዋሳ ላይ በረዶ ሲባል ከሰማይ የሚወርደው ወይም ከፍሪጅ የሚወጣው ነው። የአርክቲክ የባሕር በረዶ ግን ጨዋማ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል፦ 35 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ ከዚያ ወንፊት ላይ አድርጉትና ቅመሱ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሚቀረው በረዶ እጅግ ይጨውያል። በበጋ የሚለኩ ሰዎችን የሚያስቸግራቸው ይኸው ጠብታ ነው። (በጋ የምለው የእነሱን ነው፤ እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ።)

ባዶ ቱቦ በሆነ መሰርሰሪያ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የበረዶ ዘንግ ይወጣል፤ አንዱ ለሙቀት፣ ሌላው ለጨው። ሙቀቱ ሳይውል ሳያድር ጥላ ውስጥ ይለካል፦ በየ5 ወይም በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እስከ መሃል ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ቴርሞሜትር ማስገባት ነው። መቻኮሉ በከንቱ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፍራንከንስታይንና ጋርነር በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀመር፣ የጨዋማ ውሃው ድርሻ ከሺህ = ጨውነት × ([49.185 ÷ ከዜሮ በታች ያለው ዲግሪ] + 0.532)። ጨውነቱ ከሺህ 3 ሆኖ ሙቀቱ −1.0 ከሆነ ድርሻው ከሺህ 149፣ ማለትም 15 በመቶ ያህል ይሆናል፤ −0.8 ብላችሁ ካነበባችሁ ግን ወደ 19 ይዘላል። ለ0.2 ዲግሪ ስህተት ይህ ብዙ ነው።

የጨው ዘንግ ወዲያው ይጋደማል፣ በመጋዝ ይቆራረጣል፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥና ሳይማሰል በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ከተለካ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ዘንጉ ገና ከጉድጓዱ ሲወጣ ከታችኛው ጫፍ የሚፈሰው ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ፍጥነት ይቀንሰዋል እንጂ አያድነውም። ጥግግቱም አብሮ ይወርዳል፤ ውሃው በለቀቀው ቦታ አየር ይገባልና።

ውፍረት ቀላል ይመስላል፦ በ5 ሴንቲ ሜትር መሰርሰሪያ በስቶ፣ ጫፉ ላይ ተዘርጊ ብረት ያለው ሜትር አውርዶ ከስር ማንጠልጠል። ነገር ግን ከላይ የቀለጠ ጨው አልባ ውሃ ከበረዶው ስር ሲተኛ፣ ከሥሩ ያለው የባሕር ውሃ ከዜሮ በታች ቀዝቃዛ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ስስ በረዶ ይጋገራል። መሰርሰሪያው ድንገት ይቀላል፣ ጥቂት ወርዶ እንደገና ይነክሳል። እዚያ ላይ ሁለቱን ውፍረቶች ለየብቻ መዝግቡ፤ በመካከላቸው ያለውንም ውሃ ቀድታችሁ ጨውነቱን ለኩ።