«ሐዋሳ ተስማማሽ» ይሏቸዋል

ዛሬ የተቀበልኳቸው ታካሚ እናት «ጎረቤቶቼ ሐዋሳ ተስማማሽ ይሉኛል» አሉኝ እየሳቁ። ፊታቸው ክብ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ እግሮቻቸው ግን ቀጫጭን። ለአስም የታዘዘላቸውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ክኒን የታዘዘበት ጊዜ ካለቀ በኋላም ራሳቸው እየገዙ 2 ዓመት ውጠውታል። የግፊት መለኪያውን ስፈታ ክንዳቸው በልዞ ቀረ። ፕላስተሩንም በውኃ አርሼ ነው ያነሳሁት፤ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ስኳሩም ግፊቱም ከፍ ብሏል። ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት ሆርሞን የሚመስለው ይህ መድኃኒት ትኩሳትን ስለሚደብቅ ትንሿን ሳል እንኳ አልናቅኋትም።

ይህን ሁሉ ያመጣው ክኒኑ መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያው ዛሬውኑ እተወዋለሁ» ሲሉ ደነገጥኩ። በድንገት ከተቋረጠ፣ ኮርቲሶልን የሚያመነጨውና ክኒኑ ስለተካው ለረጅም ጊዜ ያንቀላፋው አድሬናል እጢ ቶሎ አይነቃም፤ ግፊት ወርዶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው።

የዕለቱን ክኒን ስሰጣቸው በጥርጣሬ አዩኝ፦ «ልጄ፣ ጎዳሽ ያልሽኝም አንቺ፣ የምትሰጪኝም አንቺ?»