«ደረጃው ወርዷል» የተባለ ቀን

ሂውስተን አንድ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ ማዕበል) ሃርቪ ቴክሳስ የገባው አርብ ኦገስት 25፣ 2017 ማታ ሮክፖርት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ከ5 ደረጃ 4 ነበር፣ ንፋሱ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሮክፖርት ከእኛ ስለሚርቅ ንፋሱ ብዙም አልነካንም። ቅዳሜ ቀን ዝናቡም ጋብ አለ። ከዚያ ሃርቪ ተዳክሞ ከሃሪኬን ወደ ትሮፒካል ስቶርም (ንፋሱ ከሃሪኬን ያነሰ ማዕበል) ወርዷል የሚል ዜና መጣ።

አለቃችን ይህን ሲሰማ «ደረጃው ወርዷል፣ የማታው ሺፍት ይግባ» ብሎ ለሁሉም ቴክስት ላከ።

ከእኛ ጋር የሚሠሩ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ የትራክ ሾፌር አሉ፣ ሐበሾቹ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቴክስቱን እንዳነበቡ ቀጥ ብለው ቢሮው ገቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። «አሊሰንን ታውቃታለህ?» አሉት። አለቃችን ከሌላ ስቴት የመጣ ስለሆነ አያውቃትም። አሊሰን ጁን 2001 ሂውስተንን ያጥለቀለቀች ማዕበል ናት፣ አንድም ቀን ሃሪኬን ሳትባል ከ20 በላይ ሰው ገድላለች። ጋሼ ያኔ ሜዲካል ሴንተሩ አካባቢ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። የሆስፒታሎቹ ምድር ቤት ውሃ ሲሞላና መብራት ሲጠፋ እዚያው ነበሩ።

«ደረጃ የምትሉት የንፋስ ነው፤ ውሃውን አይለካም። ይሄኛው ደግሞ ቆሟል፣ አይሄድም። የሚፈራው እሱ ነው» አሉት።

ልክ ናቸው። ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃ የሚለካው የንፋስን ፍጥነት ብቻ ነው። ንፋሱ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ሃሪኬን መባሉ ይቀራል፤ የተሸከመው ውሃ ግን አብሮት አይቀንስም። ሃሪኬን የሚኖረው በባሕር ሙቀት ነው። ውሃው 26 ዲግሪ ተኩል ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ብዙ ይተናል፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ ሲሆን ይዞት የነበረውን ሙቀት ይለቃል፣ አየሩ ይበልጥ ሞቆ ይወጣል፣ ከሥር ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ከዙሪያው ሌላ እርጥብ አየር ይሳባል፣ ያንን ደግሞ የመሬት መሽከርከር ያዞረዋል። ከላይና ከታች ያለው ንፋስ በጣም ከተለያየ ማዕበሉ ይበታተናል፤ ካልተለያየ ይጠነክራል። ያን ሳምንት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 30 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሃርቪ መሬት ገብቶም ከጠረፉ ስላልራቀ እርጥበቱን መሳብ አላቆመም።

ለእኛ ሐበሾች አንድ ነገር ልጨምር። የአትላንቲክ ትልልቅ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ የሚጀምሩት አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚያቋርጡ የአየር ሞገዶች ነው። ከእነዚህ ሞገዶች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዳርፉር ተራሮችና ከኢትዮጵያ ደጋ አካባቢ ነው። ሃርቪም መነሻው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የወጣ ሞገድ ነበር።

አለቃችን ግማሹን ሰማ። ትራኮቹ ከፍ ያለ ቦታ እንዲቆሙ ፈቀደ፣ ሺፍቱን ግን አልሰረዘም። ጋሼ በየሰው ስልክ እየደወሉ «ልጄ፣ ዛሬ ከቤትህ እንዳትወጣ» ሲሉ አመሹ። የሰሟቸው ቀሩ። የገቡት ሌሊቱን ሙሉ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ ውስጥ አደሩ። ባዩው (በከተማው ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ) ሞልቶ መንገዱን ዘጋው፣ ውሃው ወለሉ ላይ ጉልበት ደረሰ፣ ታች የነበረው ዕቃ ሁሉ ተበላሸ፣ መኪኖቻቸው ሰጠሙ። ማንም ሰው አለመሞቱ ተመስገን ነው። ከሂውስተን በስተምሥራቅ ኔደርላንድ በምትባል ከተማ ማዕበሉ እስኪያልፍ የወረደው ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አታገኝም!

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። እኛ በምናቃጥለው ነዳጅ ምክንያት ምድር ላይ ከተጠራቀመው ተጨማሪ ሙቀት ደግሞ 90 በመቶው ባሕር ውስጥ ገብቷል። የሃርቪን ዝናብ ያጠኑ ሰዎች፣ ሙቀቱ ባይጨምር ኖሮ ይወርድ ከነበረው ከ15 እስከ 38 በመቶ የበለጠ እንደወረደ ገምተዋል። የማዕበሉ ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል ማለት አይደለም። የሚመጣው ግን ብዙ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ከባዶቹም ይበልጥ ይከብዳሉ። አንድ ሥራ ቦታ የሠራተኛውን ሕይወት በንፋስ ደረጃ ብቻ የሚወስን ከሆነ በጣም ያናድደኛል።

አሁን እኛ ጋ ሺፍት የሚሰረዘው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ነው፣ ደረጃውን ማንም አይጠይቅም። ጋሼ ደግሞ ቤት የገዛ ሐበሻ ባገኙ ቁጥር የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዲገባ ይነግሩታል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ያወቀው ሳሎኑ ውሃ ከገባ በኋላ ነው። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገባ ከ30 ቀን በኋላ ነው። የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ስለሚጀምር ቢዘገይ ቢዘገይ በኤፕሪል መጨረሻ ግቡ።