ኖር

ቅዳሜ ማታ ነው። እግሬን ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ነክሬ ነው የምጽፈው። ልጄ በሳሎን ስታልፍ ሳፋውን አይታ «ዛሬም ሄደሽ?» አለችኝ። ዝም አልኳት። ሳፋውን እያየች ምን ልበላት?

አዳማ፣ ከፖስታ ቤት ብዙ ሳይርቅ አንድ ሕንፃ አለ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጌም ቤት ተከፍቷል። ጆተኒ፣ የመኪና ውድድር፣ የቅርጫት ኳስ፣ ሕፃናት የሚቀመጡበት የሚወዛወዝ ፈረስ። ጥጉ ላይ የጭፈራ ማሽኑ ቆሟል። ለማያውቀው ሰው፦ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መድረክ ነው፤ ቀስት የተሳለባቸው የሚረገጡ ሰሌዳዎች አሉት፤ ከኋላ መደገፊያ ብረት፣ ከፊት ትልቅ ስክሪን። ቀስቶቹ ስክሪኑ ላይ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። አናቱ ላይ ከቆሙት ቀስቶች ጋር ሲገጥሙ፣ ልክ በምቱ፣ ያንኑ ቀስት በእግር መርገጥ ነው። ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነገር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው መስከረም የሰፋሁትን የተማሪ ዩኒፎርም ላደርስ ወደዚያ ሕንፃ ስወጣ ድምፁን ከደረጃው ሰማሁት። ዘፈኑን አይደለም፤ የእግሩን ድምፅ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ ጧ። እኔ ምን እንደሆነ ሳስብ እግሬ ቀድሞኝ አውቆታል።

በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ፣ ቶክን ገዝቼ ጥጉ ጋ ቆምኩ። ልጆቹ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፤ ሁሉም ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት። አንዱ በትህትና መጣና «ማንን ፈልገው ነው፣ እትዬ?» አለኝ። ልጄን ፍለጋ የመጣሁ መስሎታል።

«ተራ» አልኩት።

ተያዩ። ከዚያ አንዱ «ኖር!» አለ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ የእውነት። የተቀመጡት ብድግ አሉ፤ ሲጫወት የነበረው እንኳ ዘፈኑን ሳይጨርስ ወረደልኝ። አፌ ለምዶበት «በእግዜር» አልኩና ወጣሁ። ያን ቀን «ተቀመጡ፤ ተራዬ ሲደርስ እወጣለሁ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰባት ወር ሙሉ ባልተቸገርኩ ነበር።

ይህን ማሽን ከእነሱ በፊት ነው የማውቀው። ሲወለዱ በስንት ዓመት ይቀድማቸዋል። የጃፓኑ ኮናሚ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን»ን ያወጣው በፈረንጅ 1998 ነው፤ የኮሪያው አንዳሚሮ ደግሞ በዓመቱ «ፓምፕ ኢት አፕ»ን ይዞ መጣ። እኔ የጃፓኑን ያገኘሁት በ1996 ዓ.ም. ዱባይ ነው፤ ሰው ቤት ስሠራ። ማዳም ዓርብ ማታ ገበያ ማዕከል ስትሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዤ እከተላለሁ። እሷ ሱቅ ትገባለች፣ ልጅቷ ጌም ትጫወታለች፣ እኔ ቦርሳና ጃኬት እይዛለሁ። አንድ ዓርብ የሚጫወታት ልጅ ጠፋና ዞር ብላ «ያላ!» አለችኝ። ቦርሳውን መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ በነጠላ ጫማ።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ተጫወትኩ። በሳምንት አንዴ፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። እዚያ አገር አንድ ነገር ስሠራ «ፐርፌክት» የሚባልልኝ ቦታ እሱ ብቻ ነበር፤ የሚለውም ማሽኑ ነው።

የአዳማው የኮሪያው ነው። ልዩነቱን ከመድረኩ ሳልወርድ አየሁት። የጃፓኑ አራት ቀስት አለው፦ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ መሃሉ ባዶ መቆሚያ ነው። የኮሪያው አምስት ነው፤ አራቱ ጥግ ጥጉን ይዘዋል፣ ከፊት ሁለት ቀይ፣ ከኋላ ሁለት ሰማያዊ። እኔ እግሬን የማሳርፍበት መሃሉ ደግሞ ራሱ ቢጫ ሰሌዳ ሆኖ ይረገጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ እግሬ ውስጥ የቆየው መስቀል ወደ ጥግ ተጣሞ ቁጭ አለ። የመጀመሪያውን ዘፈን እኩሌታው ላይ ሳልደርስ ሞትኩ። (ልጆቹ «ሞተ» ነው የሚሉት፤ የሕይወት መስመሩ አልቆ ዘፈኑ ሲቋረጥ።) አጨበጨቡልኝ። ለሞተ ሰው!

ስለ አጨዋወቱ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ቤት የሚሰማኝ ስለሌለ። ጀማሪ ሰው እያንዳንዱን ቀስት ረግጦ ወደ መሃል ይመለሳል። አንድ እርምጃ ሊበቃው ሁለት ይራመዳል። የለመደ ሰው ግን የረገጠው ላይ ይቆያል፤ ቀስት ሳይመጣ ሰሌዳው ላይ መቆም ምንም አያስቀጣም። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያፈራረቁ መሄድ ነው እንጂ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ ማስከተል እንደ ጠማማ ስፌት ነው፤ ተመልሶ መፍታት ይመጣል። ይህን ሲንጀሬ አስተምሮኛል። የእኔ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ፔዳሉን ጉልበት ሳይሆን ምት ነው የሚነዳው፤ ጉልበት የጨመረበት ሰው ክር ይበጥሳል። ልጆቹ ይዘላሉ፣ መድረኩን ይደበድቡታል፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ይጣበቃል። እኔ ከመሬት የምነሳው አንድ ጣት ያህል ነው። ብረቱንም እይዛለሁ። ብረት መያዝ ነውር ነው የሚሉ አሉ፣ ከኮሪያ ሜዳልያ ያመጡ ይመስል። ጉልበቴ የእኔ ነው፤ እይዛለሁ።

አንድ ነገር ግን እነሱ ናቸው ያሳዩኝ። ቀስቶቹ ተጠቅጥቀው ሲመጡ ዓይኔ ይደናበርና ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ እፈልግ ነበር። አንዱ ልጅ «ይጨምሩት እንጂ እትዬ» አለ። የዘፈኑን ፍጥነት አይደለም፤ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ የሚወጣበትን ነው። አልገባኝም፤ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ሲጨምርልኝ ቀስቶቹ ተራራቁ! ምቱ ያው ነው፤ በመሃላቸው ግን ክፍተት መጣ፣ አንድ በአንድ ተነበቡ። የመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር ካላየሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ እዚያ ግን ስክሪኑ ራቅ ስለሚል መነጽር አያስፈልገኝም። የዚያን ቀን ደስታዬን ለደንበኛ ሁሉ ሳወራ ዋልኩ፤ ማንም አልገባውም።

ማሽኑ ትከሻ አያይም። ይህ ሁልጊዜ ያስቀኛል። እስክስታ የሚወርድ ሰውና እንደ እንጨት የቆመ ሰው ለእሱ አንድ ናቸው፤ የሚያየው እግርን ብቻ ነው። ረገዳ እየረገጡ ያደጉት ልጆች ቶሎ የሚለምዱት ለዚህ ይመስለኛል። አንዱ ቀላል ዘፈን ሲያገኝ እግሩን ለማሽኑ፣ ትከሻውን ለእኛ ያደርጋል። ያን ጊዜ ጌም ቤቱ ይቀወጣል።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ «እማ፣ ሰው ያይሻል» ትላለች። ስፖርት ነው፤ አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የሚባል ግዛት በፈረንጅ 2006 ትምህርት ቤት ውስጥ ለስፖርት አስገብቶታል አልኳት። «ስፖርት ከሆነ ጠዋት ተነሥተሽ ከሰዎቹ ጋር አስፋልት ላይ አትሮጪም?» አለች። ለዚህ መልስ የለኝም። መሮጥ አልወድም።

የልጆቹ ክብር ነው ያስቸገረኝ።

ተራ የሚያዘው በቶክን ነው። የሚጠብቅ ሰው ቶክኑን ስክሪኑ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ይደረድራል፤ ከግራ የጀመረው ይቀድማል። እኔ የእኔን መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ። ዞር ስል አንዱ በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ መጀመሪያ ላይ ያደርሰዋል። እመልሰዋለሁ። «ኧረ እትዬ፣ ይቅደሙ!» ከኦሮሞዎቹ ልጆች አንዱ «አዴ፣ እርስዎ ቆመው እኛ አንጫወትም» ይላል። ምን ይደረጋል? እወጣለሁ። ስጫወት ዙሪያው ጸጥ ይላል፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ የሚሰዳደቡት፣ «ፋራ!» የሚባባሉት፣ ጫማ የሚወራወሩት ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ቀስት ሲያመልጠኝ «ማሽኑ ነው እትዬ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ በእርግጥ ማሽኑ ነበር። የግራው ሰማያዊ በኃይል ካልተረገጠ አይሰማም ነበር። ጠባቂው ልጅ ሰሌዳውን በመፍቻ ፈታው፤ ሥሩ የአዳማ አቧራና የሱፍ ቅርፊት ተጋግሯል። ጠረግነው። ስሜት ተቀባዩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ሲረገጥ እስኪነካው አይወርድም። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ለኮት ኮሌታ የገዛሁት ጠንካራ ሸራ ነበረኝ፤ በመቀስ ጣት የምታህል ቆርጬ አጥፌ ከሥሩ አስገባሁለት። ሠራ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ያን ቀን ብቻ ልጆቹ «እትዬ»ን ረስተው በላዬ ላይ ተደራርበው «ወደዚህ፣ ወደዚህ፣ ትንሽ ሳቢው!» ሲሉኝ ዋሉ። ሰሌዳው ሲዘጋ አንቺነቱም አብሮ ተዘጋ።

ዛሬ የጻፍኩት ግን ስለሌላ ነገር ነው። አንዲት ልጅ አለች፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከሁሉም ትበልጣለች። ሹሩባዋን በላስቲክ አሥራ፣ ቦርሳዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ትወጣለች፤ ስትጫወት ፊቷ አይንቀሳቀስም። ባለፈው ሳምንት ጎን ለጎን እንጫወት አልኳት። ልጆቹ ከበቡን። ለእኔ የሚሆነኝን ሌቭል መረጠች፤ ይሁን። እስከ ዘፈኑ ወገብ አንድም አልሳተችም፤ በዓይኔ ጫፍ የኮምቦዋ (ሳትስት ያከታተለችው) ቁጥር መቶ ሰማንያ ሲያልፍ አየሁት። እኔ ሰባት ስቻለሁ። ከዚያ ድንገት እሷ መሳት ጀመረች።

እግሯን አየሁት። በአየር ላይ ነበር። ቀዩ ቀስት ላይ፣ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ተንጠልጥሏል። መርገጥ ትችላለች። አልረገጠችም። ቀስቱ አለፈ፣ ሚስ። ቀጣዩም እንዲሁ።

እንደዚያ የተንጠለጠለ እግር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የማዳም ልጅ ስትሸነፍ ታለቅስ ነበር። ካለቀሰች ማዳም ምን ሆነች ትለኛለች፤ ምን እመልሳለሁ፣ አሸነፍኳት ልበል? ስለዚህ እሷ ሁለት ስትስት እኔ አራት እስታለሁ። እግሬን ልክ እንደዚያ አንጠልጥዬ። ሁለት ዓመት ተጫወትኩ፣ አንድ ቀን አላሸነፍኩም፤ ከሰዎቹ ቤት ስወጣ ግን ልጅቷን ስንት እጥፍ እንደምበልጣት አውቀው ነበር። ለእኔ እንጀራዬ ነበር። ይህች ልጅ ምን አስፈራት?

ዘፈኑ አለቀ። ማሽኑ አሸናፊ ነሽ አለኝ። አጨበጨቡ። ልጅቷን ለብቻዋ ሳብ አድርጌ «ሆን ብለሽ ነው?» አልኳት።

«አይ እትዬ፣ ደከመኝ» አለች፤ መሬት መሬት እያየች። ወላጆቿ በደንብ ነው ያሳደጓት። ምን ብዬ ልቆጣት?

ዛሬ ልቀር ነበር። ሱቁን ዘግቼ፣ ባጃጅ ላይ ተሳፍሬ፣ ፍራንኮ ላይ ወርጄ ልመለስ አልኩ። ንፋሱ አቧራውን አንሥቶ ዓይን አያስገልጥም። እንዳላሰበ ሰው ወጣሁ፤ ቶክን ገዛሁ።

አዲስ ልጅ ነበር፣ አሥራ ሦስት ቢሆነው ነው፤ አጎቱ ቤት ለዕረፍት የመጣ ነው አሉኝ በኋላ። ቶክኔን መጨረሻ ላይ አስቀምጬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዳቸው አንዱ መጣና ገፋ ገፋ አድርጎ አስቀደመው። አዲሱ ልጅ የሁሉንም ቶክን በዓይኑ ሲቆጥር ነበር። እጁን ዘረጋ፤ የእኔን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው።

«ይቺ አራተኛ ናት» አለ።

«አንተ! የእትዬ ናት እኮ» ብለው ጎሸሙት።

ዞሮ አየኝ። ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ። «ይሁና» አለ፣ «አራተኛ ነሽ አይደል?»

ልጆቹ አፋቸውን ያዙ። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት።

«አራተኛ ነኝ» አልኩት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩና የጫማዬን ክር ማጥበቅ ጀመርኩ።