ውሻና ድመት ሲታመሙ፦ ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድመቴ ውሮ አንድ ምሽት ወደ አሸዋ ሣጥኑ ደጋግሞ እየተመላለሰ ማማጥ ጀመረ። ጎንበስ ይላል፣ ይቆያል፣ ምንም ሳይወጣው ይመለሳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም እንደገና ይመጣል። የሆድ ድርቀት ነው ብዬ ደመደምኩና ዘይት በማንኪያ ጋትኩት፤ ሆዱንም እያሸሁለት እስኪነጋ ይሻለዋል ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ አልተሻለውም፤ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን አዞረ፣ አስታወከም። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱን ዳበስ እንዳደረጉት የታመመው አንጀቱ ሳይሆን የሽንት ቧንቧው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ፊኛው ሞልቶና ተወጥሮ ነበር።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በጥቃቅን ክሪስታሎችና በዝልግልግ ፈሳሽ በቀላሉ ይደፈናል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ኩላሊት ሥራውን መሥራት ያቅተዋል፣ በደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየምም የልብን ምት ያዛባል፤ እንስሳው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ሕመም ቤት ውስጥ የሚደረግ እርዳታ የለም። እኔ ያደረግኋቸው ሁለቱ ነገሮች ደግሞ ራሳቸው አደገኛ ነበሩ፤ በግድ የሚጋት ዘይት ወደ ሳንባ ሊገባ፣ የተወጠረ ፊኛም ሲታሽ ሊፈነዳ ይችላልና። ውሮ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻና ድመት የመጀመሪያ እርዳታ ስጠየቅ ቀድሞ የሚመጣብኝ ምን እንደሚደረግ ሳይሆን ምን እንደማይደረግ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሰው መድኃኒት ነው። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ሰባብሮ ለማስወገድ የሚያስችለው አቅም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው አንድ ፍሬ ኪኒን የድመቷን ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል አድርጎ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንም ለውሻም ሆነ ለድመት የጨጓራና የኩላሊት ጠንቅ ነው። ለውሻ የተሠራና ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ ሲደረግ ከባድ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ዘቢብና ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ሊሊ የሚባለው አበባ ደግሞ ብናኙ እንኳ ድመት ጸጉሯን ስትልስ ወደ ሆዷ ከገባ ኩላሊቷን ያጠፋዋል። እንስሳው መርዝ መብላቱ ሲታወቅ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ለማስመለስ ነው። ነገር ግን የበላው የሚያቃጥል ኬሚካል ወይም ነዳጅ ከሆነ ሲመለስ ጉሮሮውንና ሳንባውን ዳግም ይጎዳል፤ ለማስመለስ የሚሰጠው የጨው ውኃም ራሱ ይመርዛል። የሚሻለው የበላውን ነገር ማሸጊያ ይዞ፣ መቼና ምን ያህል እንደበላ አስታውሶ፣ ለሐኪም ስልክ እየደወሉ መንገድ መጀመር ነው።

ደም ሲፈስ ግን እጃችን በእርግጥ ይጠቅማል። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳያነሱ መጫን ይገባል፤ ቆሟል ወይ እያሉ መግለጥ የረጋውን ደም ስለሚያላቅቀው፣ ጨርቁ ከራሰ ሌላ በላዩ ይደረባል እንጂ አይነሳም። የተጎዳ እንስሳ ባለቤቱንም ቢሆን ይነክሳልና ድመትን በፎጣ መጠቅለል፣ የውሻን አፍ በፋሻ ላላ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል፤ የሚያስታውክን ወይም ትንፋሽ ያጠረውን ውሻ ግን ፈጽሞ አፉን ማሰር አይገባም።

የሚያንቀጠቅጠው እንስሳ ምላሱን አይውጥም፤ ስለዚህ አፉ ውስጥ ጣትም ማንኪያም አይገባም። በአካባቢው ያለውን ስለታም ነገር ማራቅ፣ መብራት መቀነስና ሰዓት መያዝ ይበቃል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አፋጣኝ ሕክምና ይሻል።

ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ በደቂቃዎች ሊዝል ይችላል። በሙቀት የተመታን ውሻ ወደ ጥላ ወስዶ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስና ማራገብ ተገቢ ነው። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል። የሰውነቱ ሙቀት ወደ 39.5 ዲግሪ ሲወርድ ማቀዝቀዙ ይቁም፤ ተሻለው ብሎ ሐኪም ሳያየው መቅረት ግን ስሕተት ነው። ደረተ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ለማስታወክ እየሞከረ ምንም ካልወጣው ደግሞ ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል ለሰዓታት እንኳ መጠበቅ አይቻልም።

አንድ ጉዳይ ሰውንም ይነካል። ለሐጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ውሻ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞትም ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የማይታወቅ ከሆነ በባዶ እጅ አፉን መክፈት ነፍስን ማስያዝ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስችለው ግን እንስሳው ጤነኛ ሳለ ማየት ነው። የጤነኛ ውሻና ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በእጃችን ስንነካቸው መሞቃቸው ትኩሳት አይደለም። የድዳቸው ቀለም ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነን ስንለቀው በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። የነጣ ወይም የጠየመ ሰማያዊ ድድ፣ እንዲሁም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት፣ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። በእንቅልፍ ጊዜ በደቂቃ የሚተነፍሱት ብዙውን ጊዜ ከ30 በታች ነው፤ ይህ ቁጥር ለቀናት እየጨመረ ከሄደ ልብ ወይም ሳንባ መመርመር አለበት። እኔ ቁጥሩን የምጽፍበት ትንሽ ደብተር ከፋሻው፣ ከቴርሞሜትሩና ከሐኪሙ ስልክ ቁጥር ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አኑሬያለሁ። ትናንት ማታ ውሮ ሶፋው ላይ ተኝቶ ሳለ ቆጠርኩት፤ 22 ነበር።