«ኮምፓሲዮን» ያልኳቸው ሌሊት

በሜሪላንድ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ፣ ከምንከባከባቸው አረጋውያን መካከል እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ከኤልሳልቫዶር የተሰደዱ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ምሽት ሥራ ስገባ፣ እኅታቸው አገር ቤት እንዳረፉ ከቀን ተረኞቹ ሰማሁ። እሳቸው እንግሊዝኛ እምብዛም አይሰሙም፤ የእኔም ስፓኒሽ ከ«ውኃ» እና ከ«ያመዎታል?» አያልፍም ነበር። ስለዚህ በስልኬ «ርኅራኄ» ምን እንደሚባል ፈልጌ «ኮምፓሲዮን» የሚለውን አገኘሁ፤ ቃሉ በሴት ጾታ እንደሚነገርና ድምፁ መጨረሻው ላይ እንደሚጎላ ሳይቀር አጥንቼ፣ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ «ቴንጎ ኮምፓሲዮን ዴ ኡስቴድ»፣ «ለእርስዎ ርኅራኄ አለኝ» ለማለት፣ አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን እንደ ጨበጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስህተቴን የነገረችኝ የአገራቸው ልጅ የሆነች የጽዳት ሠራተኛ ናት። ቃሉ በላቲን ሥሩ «አብሮ መሠቃየት» ማለት ቢሆንም፣ በዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ለታች ላለው የሚያደርገውን ምሕረት ያስታውሳል፤ ኃጢአተኛ ፈጣሪውን «ቴን ኮምፓሲዮን» ብሎ ይለምናል። በሽተኛን «ኮን ኮምፓሲዮን» መንከባከብም ሆነ ርኅሩኅ ሴትን «ኮምፓሲቫ» ብሎ ማመስገን ነውር የለበትም፤ ኀዘንተኛ ፊት ቆሞ «አለኝ ለእርስዎ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ለመረዳት ስፓኒሽ ማወቅ አላስፈለገኝም፤ እኛስ ብንሆን ኮራ ያሉ እናት ለቅሶ ደርሰን «ያሳዝናሉ» እንላቸዋለን? «እግዜር ያጽናዎት» ነው የምንለው።

የእነሱ «እግዜር ያጽናዎት» ደግሞ «ላ አኮምፓኞ ኤን ሱ ሴንቲሚዬንቶ» ነው፤ «በኀዘንዎ አብሬዎት ነኝ» ወደ ማለት ይቀርባል። አሜሪካውያን ባልደረቦቼ የሚቸገሩባት «ኞ» እንኳ ለእኔ ከፊደል ገበታ ጀምሮ የማውቃት ናት። በማግሥቱ ሌሊት ትልቁን መብራት ሳላበራ ቀስ ብዬ አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ወንበሩ ላይ የነበረውን ሹራባቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። የጎረቤት ክፍል የጥሪ መብራት እስኪበራ ድረስ ስለ እኅታቸው አጫወቱኝ፤ ከአሥሩ ቃል አንዱን ብሰማ ነው።